«እማዬ፣ ተቆጣሽኝ?»

የዛሬዋ ጠያቂያችን ባሕር ዳር ናት። ደብዳቤዋ ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ በወር ሦስት አራት ቀን ነው ቤት የሚያድረው። አማቴ ከኛ ጋር ይኖራሉ። ልጄ 4 ዓመት ከ8 ወሩ ነው። አፉ የተፈታ፣ ተጫዋች ልጅ ነው። ግን ፊት አያውቅም። ማታ ሱቅ ዘግቼ ሂሳብ ስሠራ መጥቶ ‹እማዬ፣ ተቆጣሽኝ?› ይለኛል። ‹ኧረ አልተቆጣሁም› ስለው ይሄድና ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይመጣል። ሲደክመኝም ተቆጣሽ፣ ራሴን ሲያመኝም ተቆጣሽ ነው። በቀደም ጎረቤታችን እናቷ ሞተውባት ለቅሶ ልደርሳት ይዤው ሄድኩ። እንባዋን ልትውጥ ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ ፊቷ ቆሞ ሳቀ። መሬት ብትከፈት በገባሁ። አማቴ ‹ስልኩ ነው ያደነዘዘው፣ አለንጋ ቢቀምስ ፊት ማየት ይለምድ ነበር› ይላሉ። አንዷ የሰፈራችን ሴት ደግሞ ‹ኦቲዝም እንዳይሆን› አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ልጄ ታሟል? ስልኩን ልከልክለው? ጭንቀቴንስ ከሱ ልደብቀው?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ዛሬ ማታ ተኝተሽ እደሪ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቴም ፊት የማያውቅ ልጅ አላገኘሁበትም። ያገኘሁት ቀኑን ሙሉ ፊትሽን ሲያነብ የሚውል ልጅ ነው። ሂሳብ ላይ ሆነሽ ሳለ ጨዋታውን ጥሎ የሚመጣው ምን አይቶ ነው? ፊትሽ መለወጡን አይቶ ነዋ! የሆነ ነገር እንዳለ ገብቶታል። የሳተው የስሜቱን ስም ነው።

ከኪሴ አውጥቼ አይደለም የምልሽ። እ.ኤ.አ. በ2009 የካናዳ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት አለ። የ5፣ የ7 እና የ10 ዓመት ልጆችን ከአዋቂዎች ጋር አወዳደሩ፤ ከየዕድሜው 24 ሰው። ያሳዩአቸው ፊቶች እንደ ድራማ ተዋናይ የጎሉ ብቻ አልነበሩም። ፈዘዝ ያሉም፣ ጭል ጭል የሚሉም ነበሩባቸው። ደስታ ላይ የ5 ዓመቶቹ ከአዋቂ አላነሱም። ስስ ፈገግታ እንኳ አላመለጠቻቸውም። ነገሩ የመጣው ሐዘን ላይ ነው። «ይሄ ፊት የሆነ ነገር አለበት» ማለቱን የ5 ዓመት ልጅ እንደ አዋቂ ችሎበታል። «ምን ሆኗል?» ሲባል ግን ይስታል። የ10 ዓመቶቹ እንኳ ያዘነውን ፊት «ፈርቷል» እያሉ ከአዋቂዎቹ የበለጠ ይሳሳቱ ነበር። ያንቺው ገና 5 አልሞላውም።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ «ተቆጣሽ»? እስኪ ሁለት ዘንቢል ይዞ ገበያ የወጣ ልጅ አድርገሽ አስቢው። አንዱ ዘንቢል «ደስ ብሏታል» ነው። ሌላው «ተቆጥታለች»። ሳቅ የሌለበት ፊት ሁሉ ተለቅሞ ሁለተኛው ዘንቢል ውስጥ ይገባል። ድካሙም፣ ራስ ምታቱም፣ ትካዜውም። የልጆችን የስሜት ስም ለረጅም ጊዜ ያጠኑት ሸሪ ዋይደንና ጄምስ ራስል የሚባሉ ተመራማሪዎች ያገኙት ይህንኑ የሚመስል ነው። ልጅ መጀመሪያ ደስታን ይለያል። ቁጣና ሐዘን ይከተላሉ። ፍርሃትና መገረም ከዚያ በኋላ ነው የሚመጡት። መጸየፍ የሁሉም መጨረሻ ነው።

የመጸየፉ ነገር ሁሌም ያስቀኛል። ሐይቁ ዳር ዓሣ ልትገዢ ሄደሻል እንበል። ሻጩ አንድ አምባዛ አንስቶ ይሰጥሻል። ጠጋ ብለሽ ታሸቺዋለሽ። ለካ አድሮ ኖሯል። አፍንጫሽ ይኮማተራል፣ የላይኛው ከንፈርሽ ወደ ላይ ይሳባል፣ ዓይንሽ ይጠባል። ከታች ቀሚስሽን ይዞ የቆመው ልጅ ምን ያያል? «እማዬ ሰውየውን ተቆጣችው!» ብዙ ልጆች እስከ 9 ዓመታቸው ገደማ የመጸየፍን ፊት ቁጣ ነው ይሉታል። ሽታው እኮ ለሱም ሸቶታል። ሽታውንና ፊትሽን የሚያገናኝለት አንድ ቃል ነው የጎደለው። «ኡፍ፣ ሸተተኝ!» ብትዪ አለቀ። ሰውየውም ይገባዋል፣ ዋጋውንም ይቀንስልሽ ይሆናል።

የሂሳቡ ሰዓት ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። በሁለቱ ቅንድቦች መካከል ያለችው ጡንቻ ስንቆጣ ትቋጠራለች። ከባድ ነገር ስናስብም ያችው ጡንቻ ትቋጠራለች። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1872 ልብ ብሎታል፤ ሰው እያሰበ ሳለ ነገሩ አልፈታ ሲለው ቅንድቡን ይቋጥራል። ስለዚህ የዱቤ ደብተር የያዘች ሴትና የተቆጣች ሴት ከሩቅ መንታ ናቸው። እስኪ ዛሬ ማታ ደብተሩን ስትከፍቺ ስልክሽን ፊት ለፊትሽ አቁመሽ ራስሽን ቅረጪ። እኔ አንድ ቀን ሞክሬው የገዛ ፊቴን ፈርቻለሁ።

ፊደል ያስቆጠሩንን የኔታ አስታውሺ። ሰ፣ ሱ፣ ሲ የሚለያዩት በአንዲት ቅጥያ ነው። ልጅ መጀመሪያ ሲያያቸው ሁሉም ሰ ናቸው። የኔታ በስንደዶ ጫፍ ያችን ቅጥያ እየነኩ ስሟን ይጠራሉ፤ ልጁ ተከትሎ ይጠራል። ነገም እንደዚያው፣ ከነገ ወዲያም። «ዝም ብለህ እያት፣ ስታድግ ይገለጥልሃል» ያሉ የኔታ አላውቅም። ፊት ላይ ግን እኛ የምንለው ይህንኑ ነው። ስሙን ሳንነግረው አንብብ እንለዋለን፣ ሲስት ደግሞ «ፊት አያውቅም»።

የሚያሳዝነው አማርኛችን በዚህ በኩል ሀብታም መሆኑ ነው። ቅር አለው። ከፋው። ሆድ ባሰው። ደበረው። ተከዘ። አኮረፈ። ተቀየመ። ቅር ያለውና የተቀየመ ሰው አንድ አይደሉም፤ የኩርፊያ ከንፈርና ሆድ የባሰው ሰው ከንፈርም አንድ አይደሉም። ያንቺ ልጅ ከነዚህ በቀን ስንቱን ይሰማል? ብዙ ቤት የሚሰማው ሦስቱን ነው፦ ደስ አለው፣ አለቀሰ፣ ተቆጣ። በሦስት ቃል ደግሞ የሰው ፊት አይዘለቅም።

ወደ ለቅሶው ልምጣ። መሬት ብትከፈት ያልሽው ገብቶኛል። ግን መስታወት ፊት ቁሚና እንባ እንደሚውጥ ሰው ከንፈርሽን ለመግታት ሞክሪ። የከንፈርሽ ዳርና ዳር ይወጠራል፣ ጉንጭሽ ይነሳል። ሳቅ የሚያፍን ሰውም እንደዚሁ ነው የሚሆነው። ለ4 ዓመት ልጅ ይህ ፊት እንቆቅልሽ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ደግሞ አንዱ ጥግ ሲለቀስ ሌላው ጥግ ንፍሮ ይታደላል፣ የተነፋፈቁ ሰዎች ሳም ሳም ይባባላሉ፣ ሽማግሌዎቹ የድሮ ጨዋታ ያነሳሉ። ልጁ ግራ ገባው። ግራ የገባው ልጅ ደግሞ ደስታን ነው አስቀድሞ የሚያውቀውና እሱኑ መለሰላት። ክፋት አይደለም። ጎረቤትሽም ክፋት ብላ አልያዘችውም ባይ ነኝ፤ ያዘነ ሰው ልጅ ላይ ቂም አይቋጥርም።

ሌላም አለ። ጎረቤትሽ ሐዘኗን እየደበቀች ነበር። ፊት ሌላ፣ ሆድ ሌላ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ፖል ሃሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይህን በተረት ፈትነውታል። በተረቱ ያለው ልጅ ከፍቶታል፣ ግን እንዳይታወቅበት ይፈልጋል። ፊቱ ምን ይመስላል? ውስጡስ? የ6 ዓመት ልጆች ሁለቱን ለያይተው መለሱ። የ4 ዓመቶቹ በጣም ተቸገሩ።

እኔ ይህን ከጥናት በፊት የተማርኩት ከወንድሜ ነው። እናታችን እንግዳ ሲመጣ ሁለት አፍ ነበራት፤ አንዱ ዓይኗ ነው። ድፎ ዳቦ ይቆረስና ለእንግዳ ይቀርባል። እንግዳው «ልጆቹም ይብሉ እንጂ» ይላል። እናቴ በአፏ «ብሉ እንጂ ልጆች!» ትላለች። በዓይኗ ግን «ትነኩና!» እኔ 9 ዓመቴ ነበር፤ ዓይኗን አነበብኩና እጄን ሰበሰብኩ። ወንድሜ 4 ዓመቱ ነው። ብላ ተባለ፣ በላ። ደገመ። ሦስተኛውን ሲያነሳ የእናቴ ዓይን ከፊቷ ሊወጣ ምንም አልቀረው። እሱ ደግሞ ቀና ብሎ አያትና ፈገግ አለላት። እንግዳው ሲሄድ የተቆነጠጠው ቁንጥጫ ዛሬም ይወራል። «ብላ ብለሽኝ! ብላ ብለሽኝ!» እያለ ነበር ያለቀሰው። እውነቱን ነው፤ ብላ ብላዋለች።

በድምፅ ላይ የተሠራ ተመሳሳይ ጥናት አለ። ቶሮንቶ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 ሞርተንና ትሬሃብ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ደስ የሚል ወሬ በሐዘን ድምፅ፣ የሚያሳዝን ወሬ በደስታ ድምፅ ለልጆችና ለአዋቂዎች አሰሙ። ተናጋሪዋ ምን ተሰማት ሲባሉ ትንንሾቹ ባብዛኛው ወሬውን ተከትለው ፈረዱ። አዋቂዎቹ ድምፁን።

አሁን የራስሽን ማታ ተመልከቺው። ልጁ ይመጣል፣ «ተቆጣሽኝ?» ይላል። አንቺ ግንባርሽን እንደቋጠርሽ፣ ዓይንሽን ከደብተሩ ሳታነሺ «አልተቆጣሁም» ትዪዋለሽ። ቃልሽን አምኖ ይሄዳል። ዞር ብሎ ሲያይ ግንባርሽ እንደተቋጠረ ነው። ይመለሳል። ምን ያድርግ?

ስለዚህ «ልደብቀው?» ላልሽው መልሴ አትደብቂው ነው። መደበቁም አይሆንልሽም። ልጅ ገና አፉን ሳይፈታ ጀምሮ ዓለምን የሚያየው በእናቱ ፊት በኩል ነው። ወደ ዘጌ የምትሄድ ጀልባ ላይ ቤተሰብ ሲሳፈር አይተሽ ታውቂያለሽ? በድንጋዩና በጀልባዋ ጠርዝ መካከል ውኃው ይታያል፣ ጀልባዋ ትወዛወዛለች። ዳዴ ከማለት ብዙም ያልራቀው ሕፃን እዚያ ጠርዝ ላይ ይቆማል። ውኃውን ያያል። ከዚያ ቀና ብሎ እናቱን ያያል። እናቱ ፈገግ ካለች እግሩን ያነሳል፤ ከደነገጠች ወደ ኋላ ይሸሻል። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ ይህንኑ በመስታወት ጠረጴዛ ፈትነውታል። ከመስታወቱ ሥር ገደል የሚመስል ጉድጓድ ይታያል፣ ወዲያ ማዶ እናት አለች። የ1 ዓመት ሕፃናት ናቸው። እናት ደስ ያለው ፊት ስታሳይ ከ19ኙ 14ቱ ተሻገሩ። የፈራ ፊት ስታሳይ ከ17ቱ አንድም አልተሻገረ። ቃል አልተነገረም፤ ፊት ብቻ ነው።

እንደ ድንጋይ ዝም ያለ ፊትም መደበቂያ አይሆንም። ኤድዋርድ ትሮኒክ የሚባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እናቶችን ከጥቂት ወር ሕፃኖቻቸው ጋር ሲያጫውቱ ቆይተው ድንገት ፊታቸውን ዝም እንዲያደርጉት ጠየቃቸው። ለጥቂት ደቂቃ ነው። ሕፃናቱ መጀመሪያ ሳቁላቸው፣ እጃቸውን ዘረጉላቸው፣ እናትን ለመመለስ ያላቸውን ሁሉ ሞከሩ። ሲያቅታቸው ፊታቸውን አዞሩ፣ ተነጫነጩ። ስለዚህ ዛሬ ማታ ሲመጣ ደብተሩን አንድ ጊዜ ዝጊው። ፊቱን እዪና «ሂሳቡ አልገጥም ብሎኝ እያሰብኩ ነው። ሳስብ ግንባሬ እንዲህ ይሆናል። አንተን አልተቆጣሁም» በዪው። ግንባርሽን በጣቱ ይንካው። ይበቃዋል። የብድሩን መጠንና የኪራዩን ነገር መንገር አያስፈልግም፤ እሱ የዕድር ገንዘብ ያዥ አይደለም። በእውነት ተቆጥተሽ ከሆነ ደግሞ «አዎ፣ ተቆጥቻለሁ» በዪው። እንዲያ ካልሆነ ቁጣና ሐሳብ መቼም አይለዩለትም።

ስልኩን በተመለከተ አማትሽ ግማሹን ይዘዋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች 5 ቀን ስልክም ቴሌቪዥንም የሌለበት ካምፕ ሰነበቱ። ሲመለሱ የሰውን ስሜት ከፊትና ከእንቅስቃሴ በመለየት ካልሄዱት እኩዮቻቸው የበለጠ ተሻሽለው ተገኙ። ያንቺ ልጅ የ6ኛ ክፍል ተማሪ አይደለም፣ ካምፕም አያስፈልገውም። ስልኩን ወስደሽ ባዶ ክፍል ውስጥ ብታስቀምጪው ግን ምንም አትጨምሪለትም። ጥቅሙ ያለው በስልኩ ቦታ ሰው ሲገባ ነው። ደግሞም አንድ ነገር ልጨምር፤ ቤት ውስጥ ያለው ስልክ የሱ ብቻ አይደለም። እኛም ስልክ ላይ ስናፈጥ ፊታችን ከትሮኒክ እናቶች ብዙም አይለይም።

ስለ አለንጋው ግን አማትሽን በአክብሮት እቃወማቸዋለሁ። ሴት ፖላክ የሚባል የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 በቤታቸው ክፉኛ ሲደበደቡ ያደጉ ከ8 እስከ 10 ዓመት ልጆችን ከሌሎች ልጆች ጋር አስተያየ። ሁለት ስሜት የተቀላቀለባቸው ፊቶች ሲቀርቡላቸው፣ ሌሎቹ ልጆች ገና ቁጣ ያላሉትን ፊት የተደበደቡት ቁጣ ነው አሉት። አየሽ፣ ዱላ ልጅን ፊት ማየት ያስለምዳል። ግን አንድ ፊደል ብቻ ነው የሚያስቆጥረው። ያንቺው ልጅ ደግሞ ያችን ፊደል አሁንም ያለ ልክ ያውቃታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ልከስሽ አይደለም። ቤታችሁ ውስጥ ቁጣ ይበዛል? አባቱ የመጣ ሰሞን ጭቅጭቅ አለ? ማታ ሱቅ ስትዘጊ የተጠራቀመው ሁሉ የሚወጣው በሱ ላይ ይሆን? መልሱን ለኔ አትጻፊው። ካለ ግን፣ «ተቆጣሽኝ?» ማለቱ የቃል እጥረት ብቻ አይደለም፣ ራሱን መጠበቁም ነው። ያን ጊዜ የሚታከመው የሱ ፊት ማንበብ ሳይሆን የቤቱ ማታ ነው።

አማትሽን ግን ከነገሩ አታርቂያቸው። እንዲያውም ዋናዋ አስተማሪ እሳቸው ናቸው። ተረት ይነግሩታል አይደል? የጅብና የአህያን ተረት ሲነግሩት ፊታቸውን እዪው። አያቶች ተረት ሲነግሩ ቅንድባቸው ብቻውን ቲያትር ነው። «እማማ፣ ጅቡ ሲመጣ አህያይቱ ፊቷ ምን ሆነ?» ብለሽ ጣልቃ ግቢ። ያሳዩታል። እሱም ያሳይ። ቀጥሎ «ፈራች ወይስ ተናደደች?» ይባል። ሲስት አትሳቁበት። በሳምንት ሁለት ሦስት ማታ ብታደርጉት ከብዙ ነገር ይሻላል። ለሳቸውም አለንጋውን የሚያስረሳ ሥራ ይሆናቸዋል።

ስለ ኦቲዝሙ። በመጀመሪያ፣ ስድብ አይደለም፤ ሰፈር ለሰፈር ሹክ የሚባልበት ነገርም መሆን የለበትም። ከሌላው በተለየ መንገድ የሚያድግ አእምሮ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ በደብዳቤም ልጅ አይመረመርም። ግን የጻፍሽልኝ ልጅ ያወራል፣ ይጫወታል፣ ፊትሽ ሲለወጥ መጥቶ ያረጋግጣል። ስሙን ስትጠሪው የማይዞር ከሆነ፣ የገረመውን ነገር በጣቱ ጠቁሞ «እማዬ፣ እዪው!» ብሎሽ የማያውቅ ከሆነ፣ ዓይን ለዓይን መገጣጠም የሚሸሽ ከሆነ ወይም የነበረው ንግግር የጠፋበት ከሆነ አትቆዪ። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሕፃናት ክፍል ውሰጂው። ይህ ሁሉ ባይኖርም ዓይኑንና ጆሮውን ማስመርመር አይከፋም። ከሦስት እርምጃ ላይ ፊት የሚደበዝዝበት ልጅ ቅንድብ እንዴት ይለይ? ይህን ብዙ ሰው አያስበውም።

የእረፍት ቀን ስታገኙ ደግሞ ጀልባ ተሳፍራችሁ ወደ ዘጌ ሂዱ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴት ይገባል። ግድግዳው በሥዕል የተሞላ ነው። አንድ ነገር አሳዪው፤ በድሮ ሠዓሊዎቻችን ወግ ጻድቃን ፊታቸውን ወደኛ አዙረው በሁለት ዓይን ያያሉ። ክፉዎቹ በጎን ነው የሚሣሉት፣ ዓይናቸውም አንድ ብቻ ነው። «ይሄኛው ክፉ ነው ወይስ ደግ?» ብትዪው በአንድ አፍታ ይገባውና ግድግዳውን ሙሉ እየዞረ ይለይልሻል። የልቡ ይሞላለታል፣ አንቺም ትስቂያለሽ። ስትመለሱ ጀልባው ላይ ወደ ሰዎቹ ፊት ማለፍ ትችላላችሁ። በጣት ሳትጠቁሙ፣ በሹክሹክታ፣ ነውር እንዳይሆን። ያቺ ሴትዮ እንቅልፏ መጥቷል ወይስ ከፍቷታል? ሠዓሊው አላገዘንምና አንቺም ራስሽ ትስቻለሽ። «እንጃ፣ እኔም አልለየኋትም» በዪው። እናቱም እንደምትስት ይወቅ።

ወደ ጎረቤትሽም መሄድሽ አይቀርም። እሱንም ይዘሽው ሂጂ። በር ላይ ሳትደርሱ አንድ ነገር ብቻ ንገሪው፦ «እናቷ ስለሞቱባት ሆድ ብሷታል። ሆድ ሲብሰን ከንፈራችን እንዲህ ይላል።» ይቅርታ በል ብለሽ አታስጨንቂው፤ ምን እንዳጠፋ አያውቅም። ዳቦውን እሱ ይያዘው። ቡናው ሲፈላ ዝም ብለሽ ተቀመጪና ማንን እንደሚያይ እዪው።